እልም የሚሉት ውሃ

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የነገሩኝ ሰዎች አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በመካከሉ አንድ ትልቅ ወንዝ የሚያልፍበት አገር ነው ማለት ይበቃል። ወንዙ ሰፊና ድፍርስ ነበር። በወንዙ ዳር ከተማው፣ በከተማው ንጉሡ፣ በንጉሡ ዙሪያ ሹማምንቱ ተቀምጠዋል።

በዚያ አገር ሕግ ወንዝ የሚባለው እሱ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ውሃ ሁሉ፣ ከገደል የሚወርደውም፣ ከሣር ሥር የሚመነጨውም፣ በክረምት ብቻ የሚታየውም፣ ስሙ «ገባር» ነበር። ወደ ወንዙ ስለሚገባ ነው ገባር የተባለው ብለው ለልጆች ያስተምሩ ነበር። ለአዋቂዎች ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ገባሩ ከወንዙ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የመገናኛ ሹም ይሾማል። ለሹሙ ጃንጥላና በቅሎ ይሰጠዋል። ሥራው በዓመት አንድ ቀን ነው። ክረምት ሲወጣ የገባሩ ሰዎች ከላይ ከምንጩ በእንስራ ውሃ ቀድተው ይመጣሉ፤ ውሃውን ወንዙ ውስጥ ይገለብጡና ጎንበስ ብለው «ገባን» ይላሉ። ሹሙ «ግቡ» ይላቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረውን ዓመት ሹሙ ጃንጥላውን ዘርግቶ ተቀምጦ ውሃው አሳቡን ለውጦ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃል። ሰውም የሚታወቀው በመገናኛው ነበር። ገበያ ቢወጣ፣ ዳኛ ፊት ቢቆም፣ ልጁን ሊድር ቢነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ትገባለህ?» ተብሎ ነው። የሚገባበትን ከተናገረ በኋላ ሰላምታ ይሰጡታል።

ከወንዙ እጅግ ርቃ ደንገል ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። ከኋላዋ ካለው ተራራ አንድ ቀጭን ጥሩ ውሃ ይወርዳል። ውሃው በየቤቱ ደጅ ያልፍና ከመንደሩ በታች ደንገል የበቀለበት ሜዳ ይደርሳል። እዚያ አሸዋው ላይ ሲደርስ አይታይም። ደርቆ አይደለም፣ ተገድቦም አይደለም፤ መሬቱ ይጠጣዋል። ከሜዳው በታች ያለው ማሳ ግን በጋውን ሙሉ ርጥብ ነው። ሰው አሸዋውን እስከ ክርኑ ድረስ በእጁ ቢጭረው ንጹሕ ውሃ ያገኛል። ባቄላው በበጋ ያብባል።

የመንደሩ ሰዎች ይህን ውሃ እልም ይሉታል። የዚያ የአንዱ ውሃ ስም ብቻ አልነበረም። ከዝናብ በኋላ በየጓሮው ወርዶ ወርዶ የትም ሳይደርስ የሚቀረው ትንሽ ውሃም እልም ነበር። «ልብሱን እልም ላይ አጥበሽው ነይ» ይላሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው «እልም አፍ» ይባላል። ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው «እልም ወሰደው» ይላሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ አያስቡትም ነበር።

ከሩቅነታቸው የተነሣ ብዙ ዘመን ማንም አልደረሰባቸውም። በኋላ አዲስ ንጉሥ ነገሠ፤ ሹም የሌለው ውሃ እንዳይኖር አዘዘ። ለደንገል ሜዳ ውሃም አጥናፍሰገድ የሚባል ሰው የመገናኛ ሹም ሆኖ ተሾመ። ጃንጥላውንና በቅሎውን አስቀድሞ ተቀበለና መገናኛውን ፍለጋ ወጣ። በጋውን ሙሉ በወንዙ ዳር ሲመላለስ ከረመ። ዓሣ አጥማጆችን ጠየቀ፤ ከብት የሚያጠጡትን ጠየቀ። የሌሎቹ መገናኛ ሹማምንት ሲያልፍ እያዩት ይሳሳቁበት ነበር። መጨረሻ ላይ መንደሩን ከላይ በኩል አጠያይቆ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲደርስ በቅሎው ታነክስ ነበር፤ ጃንጥላውም ተቀዶ ነበር።

ገባራችሁ የት ይገባል ብሎ ጠየቃቸው። ወስደው አሸዋውን አሳዩት። ብዙ ቆመ። በጃንጥላው ጫፍ አሸዋውን ወጋ ወጋ አደረገው። ይህስ ይሁን፣ የት ይገባል ብሎ እንደገና ጠየቃቸው። ይህ ገባር አይደለም፣ እልም ነው አሉት። አጥናፍሰገድ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ደነገጠ። በሕጉ መሠረት ሹም ያልሰማው ቃል ሲገኝ ከሚናገረው ሰው ጋር ወደ ቃል ችሎት መላክ አለበት።

መንደሩ ተሰብስቦ ማን ይሂድ ተባለ። ብርዛፍ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልነበራትም። ነገር ስታቀርብ ያምርባታል። የተጣሉትን የምታስታርቅ፣ ለሙሽራ የምትመርቅ፣ የታመመ የምትጠይቅ እሷ ነበረች። ስለዚህ ብርዛፍ ትሂድ አሉ። እሷም ደስ አላት፤ ለምን ልደብቃችሁ፣ ኩራትም ተሰማት። ስንቅ አዋጡላት።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢተው እስከ ተራራው ጥግ ሸኟት። ሲለያዩ አንድ ነገር መከሯት። ሲጠይቁሽ ቃል ነው በይ፣ ውሃችንን እንጠራበታለን በይ፣ ሌላ አትጨምሪ አሏት። እሺ አያ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

የቃል ችሎት የሚቀመጠው በወንዙ ላይ በተሠራ የእንጨት ድልድይ ላይ ነበር። ብርዛፍ እንደደረሰች ባዶ እንስራ አቀረቡላትና ቃሉን ወደ ውስጥ እንድትናገር አደረጓት። ጎንበስ ብላ «እልም» አለች። ወዲያው የእንስራውን አፍ በጭቃ መረጉትና ሌሎች የተመረጉ እንስራዎች ከቆሙበት ጎን አስቀመጡት። ከዛሬ ጀምሮ ቃሉ በእስር ነው ተባለች፤ ተራው ደርሶ እስኪከፈት ድረስ ማንም፣ እሷም ጭምር፣ እንዳይናገረው።

ክረምቱ ገባ። ብርዛፍ ጠላ ከምትሸጥ ሴት ጓዳ ጥግ ተከራይታ ተቀመጠች። ሥራ ፍለጋ ብትወጣ «የት ትገቢያለሽ?» ይሏታል። መልስ አልነበራትም፤ ሰላም ሳይሏት ያልፋሉ። ጠላ ቤት የሚመጡት ሰዎች ከአጠገቧ ያለውን መደብ እያለፉ ሌላ ቦታ ይጣበቡ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት አዘነችላትና እናንተ አገር ውሃውን ምን ትሉታላችሁ አለቻት። ብርዛፍ አፏን ከፍታ ቃሉ እስር ላይ መሆኑ ትዝ አላትና በእጇ ወደ ታች አመለከተች። ሴትዮዋ ዲዳ መስላት ተነሥታ ሄደች።

ወንዙ ዳር ብትወርድ ምንም አይሰማም። ከስፋቱ የተነሣ ድምፅ የለውም። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ በደጇ እያወራ ነው ያደገችው።

ችሎቱ በዚያ ክረምት ሥራ አልፈታም። ዳኞቹ ቃሉ የሚጻፈው በአልፋው «እ» ነው ወይስ በዐይኑ «ዕ» ነው በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ወገን ቃሉ «ሕልም» የሚለው ነው፣ ባላገር ፊቱን ገምጦት ነው አለ። ሌላው ወገን ፊቱን የተገመጠ ቃል ችሎት ፊት ሊቆም አይገባውም፣ ልብስ ይልበስ አለ። ልብስ ምን እንደሆነ ለመወሰን ደግሞ ሌላ ጉባኤ ተጠራ። ብርዛፍ ይህን ሁሉ ከድልድዩ በታች ቆማ፣ ነጠላዋ በዝናብ ረጥቦ፣ ትሰማ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ዝናቡ አቁሞ ነበር። ዋናው ዳኛ ሊቀ ቃላት ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው የሚያስፈራ አልነበረም። የእንስራውን አፍ አስከፈቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ብርዛፍን አስቀመጧትና ደከመሽ ወይ፣ ማደሪያሽ ተስማማሽ ወይ፣ አገርሽ ናፈቀሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

«እስቲ አጫውችን፣» አሉ ሊቀ ቃላት። «ምን ዓይነት ውሃ ነው?»

የአያ ቢተውን ምክር አልረሳችም። ቃል ነው፣ ውሃችንን እንጠራበታለን ብላ ዝም አለች። ሊቀ ቃላት አልቸኮሉም። ፈገግ እንዳሉ ጠበቋት። ያንን ክረምት ሙሉ ዝም ብላ ነበርና ዝምታ በቅቷት ነበር።

«ቀጭን ነው፣» አለች። «ድምፁ ከመልኩ ይበልጣል። ከተራራው ይወርድና በየደጁ ያልፋል፤ ማንንም አይዘልም። ደንገሉ ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። ከዚያ ወንዝ ሳያይ፣ እዚያው እኛ ዘንድ፣ እልም ይላል። ለዚህ ነው እልም የምንለው።»

ስታወራ ፊቷ በርቶ ነበር። ጸሐፊው «ወንዝ ሳያይ» ያለችውን እንድትደግምለት ጠየቃት። ደገመችለት።

ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ብዙም አልተማከሩም። ፍርዱ ተነበበ። የቃሉ መነሻ መጥፋት መሆኑ ከምስክሯ አፍ ተረጋግጧል፤ ከጌታው ፊት ሳይደርስ የሚጠፋ ኮብላይ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ውሃው ተይዞ ወደ ወንዙ ይቅረብ፣ ገባርም ተብሎ ይጠራ የሚል ነበር።

«አይኮበልልም ጌታዬ፣» አለች ብርዛፍ። «የትም አይሄድም እኮ። ከእግራችን ሥር ነው ያለው።»

«ከሥር መሆን መደበቅ ነው፣» አሉ ሊቀ ቃላት ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አትዘኚ። እየቀጣነው አይደለም፤ ከዘመዶቹ እያገናኘነው ነው።»

ለመንገዷ ስንቅ አሰጧትና አሰናበቷት።

ወደ አገሯ ስትቃረብ መንደሩን ከማየቷ በፊት ቦዩን አየችው። ከደንገሉ ሜዳ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚሄድ ጥልቅ ቦይ ነበር። በሁለቱ ዳር የተከመረው አፈር አረም በቅሎበት ነበር፤ አረሙም አብቦ ነበር። ቆም ብላ አበባውን አየች። ፍርዱ ከተሰጠ ሳምንት እንኳ አልሞላም። መንደሩ ስትደርስ ሰዎቹን መዳፋቸው ተልጦ፣ ጀርባቸው ጎብጦ አገኘቻቸው። ክረምቱን ሙሉ፣ የእርሻ ወቅት አልፎባቸው፣ ታዘው ቦዩን ሲቆፍሩ ከርመዋል።

ተሰብስበው ምን እንዳለች ጠየቋት። ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «እልም ይላል፣ ለዚህ ነው እልም የምንለው» ማለቷንም ነገረቻቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም አልሰደባትም። አያ ቢተው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብርዛፍ ቤት የሚመጣ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሌላ አስታራቂ ፈለጉ። ሙሽራ በደጇ ሲያልፍ ዘፈኑ ይቀንሳል። ልጆቹ ብቻ አንዳንድ ጊዜ መስኮቷን ያዩና እናቶቻቸው ይጠሯቸዋል።

ቦዩ የተከፈተ ቀን አጥናፍሰገድ አዲስ ጃንጥላ ይዞ ወንዙ ዳር ቆመ። ውሃው ሲደርስ አለቀሰ ይባላል፤ በመጨረሻ መገናኛ አገኘ። የደንገል ሜዳ ሰዎች እንስራቸውን ገለበጡና «ገባን» አሉ፤ እሱም «ግቡ» አላቸው። የዚያኑ ዓመት በጋ ደንገሉ ቢጫ ሆነ። አሸዋውን እስከ ክርናቸው ጫሩት፣ እስከ ትከሻቸው ጫሩት፤ አቧራ ወጣ። ባቄላው ሳያብብ ከስሞ ቀረ። ከቦዩ መቅዳት ደግሞ ክልክል ነው፤ ውሃው አሁን የወንዙ ነው።

ሰዎቹ እየተነሡ ወደ ወንዙ አገር መሄድ ጀመሩ። በአገሩ ልማድ ሰው የሚሄደው በየደጁ ቆሞ «ደኅና ሁኑ» ብሎ ነው። በብርዛፍ ደጅ ሲያልፉ ግን አንገታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። እሷ ከመዝጊያው ኋላ ቆማ የማንኛው ቤት አህያ እንደሆነ በኮቴው ትለያለች።

ከሁሉ በኋላ የሄዱት አያ ቢተው ነበሩ። እሳቸው ቆሙ። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ቁፋሮው የተጀመረው አንቺ በሄድሽ ሰሞን ነው፣» አሉ። «አንቺ ብትናገሪም ባትናገሪም መቆፈሩ አይቀርም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የቆፈርነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ለምን አያ?» አለች ብርዛፍ። «ለምን እኔን?»

«ንጉሡን መቆጣት አይቻልም። ሹሙን መቆጣት አይቻልም። አንቺን መቆጣት ይቻላል።»

ተነሡና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። አብረሽኝ ነይ አላሏትም። እሷም ልምጣ አላለችም፤ እዚያም ብትሄድ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ደጁ ላይ ሲደርሱ ደኅና ሁኚ ብርዛፍ አሏት። በስሟ የተሰናበቷት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ብርዛፍ ብቻዋን ቀረች። ቤቶቹ አንድ በአንድ ጣራቸው ወረደ። ከተራራው ጥግ፣ ውሃው ቦዩ ውስጥ ሳይገባ፣ የቦዩ ዘበኛ በማያይበት ሰዓት ለአንድ ሰው የሚበቃ ትቀዳ ነበር። ትንሽ ገብስና ጎመን ትተክላለች።

ሕጉ ግን ገባር እስካለ ድረስ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እንስራዋን አዝላ ያንን ሁሉ መንገድ ወርዳ ወንዙ ዳር ትደርሳለች፤ ውሃውን ትገለብጥና «ገባን» ትላለች። ከኋላዋ ማንም የለም። አጥናፍሰገድ ጃንጥላው ሥር ሆኖ «ግቡ» ይላል። እሱም አርጅቷል። በቅሎውም ሞታበታለች። አንድ ዓመት ስትደርስ ከወንዙ በባልዲ እየቀዳ ወደ ቦዩ አፍ ሲያፈስ አገኘችው። ውሃው አሁን አሁን ክረምት ሲወጣም መንገድ ላይ ይቀራል፣ እዚህ አይደርስም አላት እያፈረ፤ መገናኛ ከሌለ እኔም የለሁም። ባልዲውን ተቀበለችውና አገዘችው። ከዚያ ትንሽ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። የሚያወሩት ብዙ አልነበረም። ሳይመሽ ተመለሰች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት አለፈ። ፀጉሯ ነጣ። ከሰው ጋር የምትነጋገረው በዓመት ያንን አንድ ቀን ስለሆነ ድምፅዋ ሻከረ። ቃሉን ለብቻዋም አትናገረውም ነበር። ሕጉን ፈርታ አይደለም። አንድ ጊዜ ጓሮዋ ቆማ ለመናገር ሞክራ ነበር፤ የሚሰማ ስለሌለ እንስራው ውስጥ እንደመናገር ሆነባትና ተወችው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ጎልማሳ አሞሌ ጨው የጫኑ ሁለት በቅሎዎች እየነዳ በመንደሩ ፍርስራሽ መካከል መጣ። አቋራጭ ፍለጋ ብሎ መንገድ ስቷል። ስሙ አላምረው ይባላል፤ ተወልዶ ያደገው በወንዙ አገር ነው። ከፍርስራሹ መካከል ጭስ ሲያይ ተገረመና ወደ ደጇ መጣ። ውሃ ለመናት፤ በቅል ሰጠችው። ስታናግረው አነጋገሯን ሲሰማ ቅሉን ከአፉ አወረደውና ትክ ብሎ አያት።

«እማማ፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እልም ነዎት?»

ብርዛፍ የበሩን መቃን ያዘች። ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ስንት ዘመኗ ነው። ተቀመጥ አለችው። ራሷም ተቀመጠች። መልስ ሳትሰጠው ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችው።

አላምረው ትንሽ አመነታና ነገራት። የኛ ሰው ማለት ነው አላት። እነሱ ባሉበት አገር መገናኛ የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ ወላጆቻቸው ከየት እንደመጡ በገበያ አይናገሩም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን አነጋገር ሲሰማ ጠጋ ብሎ «እልም ነህ?» ይለዋል። ያኛው «እልም ነኝ» ካለ ማደሪያ አያጣም፣ ቢታመም የሚጠይቀው አያጣም፣ ቢሞት የሚቀብረው አያጣም። ሹማምንቱ እስከ ዛሬ አልሰሙትም። እማማም ለማንም እንዳይናገሩ አላት።

«ቃሉ ከየት መጣ?» አለችው።

«የሴት ስም ነው ይላሉ እናቶቻችን። በዱሮ አገራችን እልም የምትባል ሴት ነበረች። ነገሥታቱ ያዟትና የአገርሽ ውሃ የት እንዳለ ንገሪን አሏት። አንድ ክረምት ሙሉ በወንዙ ላይ አስቁመው ጠየቋት። አንዲት ቃል አልተናገረችም።»

ብርዛፍ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማው ነበር። «ምንም አልተናገረችም?» አለች።

«ምንም። ዝም እንዳለች ሞተች ይላሉ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጭቃው፣ ደግ ፊት ስለነበራቸው ሽማግሌ፣ ድምፁ ከመልኩ ስለሚበልጠው ውሃ ልትነግረው ፈለገች። ከዚያ ሰውየውን አየችው፤ አቧራ የጠጣ ፊቱን፣ በአሞሌ የቆሰሉ ጣቶቹን። በየገበያው ጠጋ ጠጋ እያሉ የሚጠያየቁትን ሰዎች አሰበች። አፏን መልሳ ዘጋች።

አላምረው ነገሩ ከበዳት ብሎ ሊነሣ አለ። ቅሉን መለሰላት፣ ውሃው ጣፋጭ ነው ብሎ አመሰገናት። ግን የጠየቃትን አልረሳም ነበርና ቆሞ መልሷን ጠበቀ።

«እልም ነኝ፣» አለችው ብርዛፍ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ከስልቻው ዳቦ አወጣ፣ ለሁለት ገመሰው፣ ትልቁን ለሷ ሰጣት። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ድረስ አብረው በሉ።